ነጭ ያልጣለው ውሃ

አቶ ከበበው የሞቱበት ክፍል ወለል ደርቋል። ሬሳው ከተነሳ ወዲህ በሩ ታሽጎ ስለቆየ የወለወለውም የረገጠውም የለም። የብረት ማራገቢያው በሩ አጠገብ እንደተጋደመ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ማዳም» አላት ኢንስፔክተር ሙሐዲን፣ ድሬዳዋ ባደገበት አማርኛው። «ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ፈነዳ፣ ውሃው ወለሉን ሞላ፣ ማራገቢያው ወደቀ። ሰውዬው በባዶ እግራቸው ገቡ፤ ኤሌክትሪክ ጨረሳቸው። እኔ ለሰውዬው እፈርማለሁ፣ አንቺ ለቤቱ።»

ጽጌሬዳ ወደ ግድግዳው ቀረበች። የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ናት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆና ጅቡቲ ተወልዳ፣ ቤልጂግ ሕንፃ ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ መመለሷን ግን ራሷም ገና አላመነችበትም። ከሻንጣዋ ግማሹ እስካሁን አልተፈታም። ሆዳን ሠፈር ወዳለው ወደዚህ ቤት ስትላክ የባለቤቱን፣ የአቶ ከበበውን፣ ስም አይታ ደንግጣ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቢሮዋ ደውለው፣ «ልጄ፣ ግድግዳ ሲያብጥና ሲላላጥ ኢንሹራንሱ ይከፍላል?» ብለው የጠየቋት እሳቸው ናቸው።

«ቱቦ በድንገት ከፈነዳ እንከፍላለን። ከመሬት ቀስ እያለ የሚሰርግ እርጥበት ከሆነ ግን አንከፍልም» ብላቸው ነበር።

«የኔ እርጥበት ነው» አሏት። «ይሁን፣ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ነገረኝ።»

አሁን ተንበረከከች። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ጨው አውጥቷል። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው።

«ቤልጂግ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?» አለ ሙሐዲን ፊቱን አጨማዶ።

«እዚያ ግድግዳው አልጫ ነው።»

ልስኑ በአንድ ቦታ ተፈርክሶ የተሰነጠቀው ቱቦ ይታያል። ከሥሩ ያለው የወለሉ ሰማያዊ ሴራሚክ ያበራል። ጽጌሬዳ ሴራሚኩን ደጋግማ አየችውና ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ሩቅያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ከጎናቸው ያለው ማንቆርቆሪያ ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስላል።

«ይህ ግድግዳ ደረቴን በላው፣ ልጄ» አሉ። «ሐኪሙ ወይ ቤቱን ልቀቂ ወይ ግድግዳውን አሠሪ ብሎኛል። ትከፍሉኛላችሁ አይደል?»

«መጀመሪያ ልጠይቅዎ። ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ጎረቤቴ ሐዲጃ ጋ። የኛ ቧንቧ ከማለዳ ጀምሮ ደርቆ ነበር፤ እሷ ታንከር ስላላት ልቀዳ ሄድኩ። ኤሲዋ ሥር ትንሽ አረፍ ብዬ ስመለስ ቤቴ መብራት የለውም። በሩን ብከፍተው… ውሃው ላይ ተዘርሯል።»

«ማራገቢያው ሁልጊዜ በሩ ጋ ነው የሚቆመው?»

«ኧረ አይደለም። ሳጥኑ ላይ ነው፣ ከአልጋው ወዲያ። ወለሉ ይረጥባል ብሎ ይፈራ ነበር።»

«መብራቱስ በኋላ እንዴት መጣ?»

«ማታ ጫላቸው ከሥራ ሲገባ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ አነሳው፤ በራ።»

ጫላቸው የጓሮዋን ክፍል የተከራየ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከክፍሉ ኤሲ ሥር ጀሪካን እያስተካከለ አገኘችው።

«እህቴ፣ የጋሼ ነገር አንጀቴን በልቶታል» አላት። «ስለ ውሃዬ ማውራት ደግሞ ነውር ሆነብኝ።»

«የምን ውሃ?»

«የኤሲው ላብ ነዋ፣ ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበው። የከተማው ውሃ ጨው ስለሆነ የመኪና ባትሪ ይገድላል። ይሄ ግን እንደ ዝናብ ነው። ጠዋት ወደ ዶራሌ ወደብ ስወጣ ጀሪካኑ ሙሉ ነበር፤ ማታ ባዶውን አገኘሁት።»

«ቀኑን ሙሉ ዶራሌ ነበር» አለ ከኋላዋ ሙሐዲን። «አረጋግጫለሁ።»

በዚህ መሐል የሟች የእህት ልጅ ቴዎ ሸሚዙን አሳምሮ ተኩሶ ደረሰ። የዚህን ቤት ኢንሹራንስ የሸጠው እሱ ነው፤ ለሠፈሩ ግማሽም ሸጧል።

«ጽጌ፣ ጨርሺልን እንጂ» አላት። «ተጠርቼ ስመጣ ቱቦው ገና ይንፎለፎል ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ለአጎትህ እርጥበትም ይሸፈናል ብለሃቸው ነበር?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፤ ተስፋ እሸጣለሁ። ተስፋ መቁረጥ ያንቺ ሥራ ነው።»

ጽጌሬዳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ፈሶ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይጥላል» አለች። «የወይዘሮ ሩቅያን ማንቆርቆሪያ እዩት። ያ ሁሉ ውሃ ደርቆ ግን ሴራሚኩ ላይ አንዳች ነጭ የለም። ስለዚህ ከቱቦው የመጣ አይደለም። እዚህ ቤት ጨው የሌለው ውሃ የጫላቸው ጀሪካን ብቻ ነው።»

«እኔ ዶራሌ—» አለ ጫላቸው።

«አንተ አይደለህም። ቱቦውን የሰበረው ሰው ውሃ ፈሶ ኢንሹራንሱ ይከፍላል ብሎ ነው የሰበረው። ወይዘሮ ሩቅያ ቧንቧው መድረቁን ያውቃሉ፤ ከጎረቤት ሊቀዱ ሄደዋል። የማያውቀው እዚህ የማይኖር ሰው ነው። ጠብታ ሲያጣ ያገኘውን ጀሪካን ደፋ።» ወደ ቴዎ ዞረች። «አንተ ቱቦው ይንፎለፎል ነበር አልከኝ። ያልነበረ ውሃ ነው የዘጋኸው።»

ቴዎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እሺ፣ ሰብሬያለሁ። ማጭበርበር በለው። ሰው መግደል ግን ሌላ ነው።»

«ማራገቢያው ከአልጋው ወዲያ፣ ሳጥን ላይ ነበር። በራሱ ወድቆ በሩ ድረስ አይሄድም። የሠፈሩ መብራትም አልጠፋም፤ ሐዲጃ ቤት ኤሲ ይሠራ ነበር። የዚህን ቤት የቆጣሪ ማብሪያ አይቼዋለሁ፤ የድሮ ነው፣ በእጅ ካላወረዱት አይወርድም። አጎትህ ሲወድቁ እዚህ ነበርክ። መብራቱን አጥፍተህ፣ ሰው ሳትጠራ ወጣህ።»

ቴዎ ከአክስቱ ዓይን ሸሸ።

«አጎቴ ድምፅ ሰምቶ መጣ» አለ በመጨረሻ። «ለኩባንያው እነግራለሁ አለኝ። እሱ ቢናገር እኮ እርጥበትም ይሸፈናል ብዬ የሸጥኩላቸው ሁሉ ይመጡብኛል። ማራገቢያውን ወደ ውሃው ገፋሁት። ቱቦ ፈንድቶ ሰው ሲሞት ማንም ‹እርጥበት ነው› አይልም ብዬ።»

ሙሐዲን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ጫላቸውም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። ሩቅያ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ይከፈለኝ ነበር?»

«ይከፈልዎት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እርጥበት ነው።»

«ልጁን አሳስረሽ፣ እኔን ከግድግዳው ጋር ትተሽኝ መሄድሽ ነው። ለማን ብለሽ ነው፣ ልጄ?»

«ለእሳቸው።»

«እሱ ጠይቆሻል?»

‹የኔ እርጥበት ነው› ያላት የስልኩ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። «ጠይቀውኛል» አለች። «መልሱንም ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ሩቅያ ሳብ አድርገው ተነፈሱ። ደረታቸው አፏጨ።

«እሱማ እንዲህ ነው» አሉ። «እውነቱን ተናግሮ ይሄዳል። እርጥበቱን የምተነፍሰው እኔ ነኝ።»