ምራት ያመጣችው ቢላዋ

ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ» የሚላቸው አሮጊት ልብስ ሰፊ፣ ማጀታቸው ወለል ላይ ከበርጩማቸው አጠገብ ተጋድመው ተገኙ። ግራ ጭናቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ጥልቅ ቁስል ነበረ፤ ደሙ በሩ ድረስ ፈስሷል። ለሁለት የተከፈለ ዱባ ግማሹ አጠገባቸው ወድቋል፣ ግማሹ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። ምራታቸው ተንበርክካ ቁስሉን በሁለት እጇ ተጭናው ነበር፤ ቢላዋው ጉልበቷ ሥር ነው። ጎረቤት ደርሶ ያያት በዚህ ሁኔታ ስለነበር፣ ረፋድ ላይ ለሞቱት ሴት ቀትር ሳይሆን ገዳይ ተገኘላቸው።

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቹ «እንቁላል» ለሚሉት መርማሪ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ነጋ ጠባ ስለሚደግም ነው ስሙ የወጣለት፤ ራሰ በራነቱም ሳያግዝ አልቀረም። አለቃው ፋይሉን ሲሰጠው፣ ይኼኛው መራመድም አይፈልግም፣ እጅ ከፍንጅ ነው ብሎ ቀለደበት።

እውነትም ነገሩ ሁሉ ምራቲቱ ላይ ነበር። አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ያጣላቸውም ይኸው ቢላዋ ነው። ከሁለት ወር በፊት እሷው ናት ለእሜቴ ያመጣችላቸው። የጃፓን ሥራ ነው፤ ምላጩ ስስ፣ ብረቱ ጠንካራ፣ ጎኑ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የሚሄድ መስመር ያለበት። ሻጩ በደንብ ለሚይዘው ሰው ለወራት አይደነዝም ብሎ ምሎላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርት መቁረጥ አቃተው። እሜቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩትና «ምራቴ ናት ያመጣችልኝ። እንደ ራሷ ነው፣ መልክ ብቻ» ይሉ ነበር።

ልጃቸው፣ የታሳሪዋ ባል፣ ቃሉን የሰጠው እያለቀሰ ነው። ያ ቢላዋ ቅቤ እንኳ አይቆርጥም አለ። እናቱ ዱባ ሲቆርጡ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዱባውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሙሉ ክብደታቸው ይጫኑት ነበር። እንዲህ ያለ ደነዝ ቢላዋ ሰው ሥጋ ውስጥ የሚገባው በብርቱ ክንድ ብቻ ነው ሲል አስረዳ።

እንቁላል ቢላዋውን ከማስረጃ ከረጢቱ አውጥቶ ጋዜጣ ላይ አሳረፈው። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ።

ገበያው ጥግ ቢላዋ የሚስለው ሰውዬ ገና ሲያየው አወቀው። ከትናንት በስቲያ አንዲት ወጣት አምጥታው ግማሽ ቀን እንደፈጀበት ተናገረ። «ይህ በሥራ ብዛት የደነዘ አይደለም፤ ሰው ነው የገደለው አልኳት። ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የምትከትፉት ብዬም ተቆጣኋት» አለ።

ምራቲቱ ግን ስለ መሳሉ ትንፍሽ አላለችም ነበር። መርማሪው ለምን እንደደበቀች ሲጠይቃት «ስላ ገደለች ነው የምትሉኝ» አለች። ባልየውም ይህን ሲሰማ ያለው ይህንኑ ነው፤ ከእንግዲህ ሚስቴ አይደለችም ብሎም ጨመረበት። እንቁላል እስካሁን ያደረገው ነገር ቢኖር ገመዱን አንገቷ ላይ ማጥበቅ ብቻ እንደሆነ ገባው።

ስለዚህ ቢላዋውን ምን እንዳደነዘው ሊፈልግ ወደ እሜቴ ቤት ተመለሰ። የእሜቴ ባል ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ጥቃቅን ብሎኖቻቸውን የሚያጠራቅሙት አንድ የሸክላ ስኒ ውስጥ ነው። መርማሪው ይቅርታ ጠይቆ ብሎኖቹን ወረቀት ላይ ገለበጠና የስኒውን ቂጥ አየ። ቀለም ያልነካው ሻካራው ጠርዝ ላይ ብዙ ጥቋቁር የብረት መስመሮች ተሰምረውበታል። አዛውንቱ ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ሰዓት አላነሱም፤ እጃቸው ግን ቆሟል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ምራቲቱን አንዲት ሴት ፖሊስ በካቴና ይዛት መጣች። ባልየው ፊቱን አዞረ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብሎ ጀመረ እንቁላል። «ሐኪሙ ቁስሉ ውስጥ የዱባ ፍርፋሪ አግኝቷል። ሽርጣቸው የተቀደደበትም ቦታ ላይ ዱባ አለ። ቢላዋው ጭናቸው ጋ የደረሰው ዱባውን አልፎ ነው ማለት ነው። ሰው የሚወጋ ሰው በዱባ በኩል አይወጋም። ቢላዋውን የያዙት ራሳቸው እሜቴ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ለደነዝ እንደለመዱት በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ያን ዕለት ግን ስል ነበር።»

«የሳለችው እሷ ናት እኮ» አለ ልጅየው።

«አዎ፣ ስድቡ ሰልችቷት። አንተ ግን እንዲህ ያለ ብረት በሁለት ሳምንት ለምን ደነዘ ብለህ አልጠየቅህም።» ስኒውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ቢላዋ በስኒ ቂጥ የሚስል ሰው ምላጩን አጋድሞ ነው። ይህ ግን ምላጩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የተጎተተው። እንዲህ ከተደረገ የማይሞት ስለት የለም። ዕድሜውን ሙሉ ከብረት ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ይህን አይሳሳትም። አባቴ፣ ተሳስቻለሁ?»

አዛውንቱ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ ስለት አትንካ አለ። እሷ ደግሞ ማጀቴን ከምትከለክሉኝ ግደሉኝ አለች። ምን ላድርግ? ገላዋን በታጠበች ቁጥር ወስጄ አደነዝዘው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከሰማች ቅስሟ ይሰበራል ብዬ።»

«አባባ፣ በዚህ ቢላዋ ስሰደብ እኮ ይሰሙ ነበር» አለች ምራቲቱ።

«እሰማ ነበር፣ ልጄ።»

ሁለት እጃቸውን ወደ መርማሪው ዘረጉ። እንቁላል አያቸው፤ እጆቻቸውን ቀስ አድርጎ ወደ ጉልበታቸው መለሰላቸው። የሚያስርበት አንቀጽ አልነበረውም፤ ቢኖረውም እንኳ አያደርገውም ነበር። ሴቷ ፖሊስ የምራቲቱን ካቴና ፈታች። ነገሩ ያለቀ መስሎት ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ምራቲቱ አስቆመችው።

«ያን ጠዋት ማጀት የገባሁት ቢላዋው ተስሏል፣ ይጠንቀቁ ልላቸው ነበር። ገና አፌን ስከፍት፣ መጣች ደነዟ አሉኝ። ራሳቸው ይዩት ብዬ ወጣሁ።»

እንቁላል እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። «ይህን አልጠየቅሁሽም» አላት።

አዛውንቱ አጎንብሰው ያለቅሳሉ። ልጅየው ካባቱም ከሚስቱም ርቆ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቆሟል። መርማሪው ፋይሉ ላይ «አደጋ» ብሎ ጽፎ ዘጋው፤ ነፃ እንደሆነችና ቤቷ መቅረት እንደምትችልም ነገራት።

እሷ ግን ከሴቷ ፖሊስ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጣቢያ ብመለስስ?» አለችው።

ያለ ወንጀል ሰው እንደማይታሰር አስረድቷት ወጣ።