ትናንት የታየ ውሃ

ትግሉን «ቦቴ» ብሎ የሰየመው ፍቅረሰላም ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ከእረፍት በኋላ፣ አስተማሪው ገና ክፍል ሳይገባ። ትግሉ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ነበር። ማን ጮክ ብሎ እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በደብተር እንደሸፈነ፣ ሁሉንም ያስታውሳል። አጠገቡ የምትቀመጠው ኤፍራታም ፈገግ ብላ ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን ብላ ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከፍቅረሰላም ቲክቶክ ነው። ፍቅረሰላም በአዋሽ ዙሪያ ሰው የማያውቃቸውን የእግር መንገዶችና ፏፏቴዎች እየፈለገ ይቀርጻል። ትልቁን ፏፏቴ ሁሉም አይቶታል፤ እሱ የሚፈልገው ማንም ያልለጠፈውን ነው። «እኔ አንድ አውቃለሁ» አለ ትግሉ። ማን ተናገር አለው?

«አንተ?» አለ ፍቅረሰላም። «አንተ ከሰመራ የመጣህ አይደለህ እንዴ? ጀለሴ፣ አንተ ውሃ የምታውቀው በቦቴ ሲመጣ ነው። ጄሪካን ይዘህ ስትሮጥ ነው ያደግከው።» ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረና «ስሙ፣ ቦቴ ፏፏቴ ሊያሳየን ነው» አለ።

ሰመራ ሳሉ ቦቴ ሲመጣ ጄሪካን ይዞ መሮጡ እውነት ነው። ያቃጠለውም እውነት መሆኑ ነው። አባቱ ጥበቃ ናቸው፤ ወደ አዋሽ ሲዛወሩ የቤቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ አይሱዙ ጥግ ላይ ተጭኖ አልቋል። ይህንንም ፍቅረሰላም አይቷል፣ ለሰውም አውርቷል። ለትግሉ መልስ የሚመጣለት ሁልጊዜ ከተኛ በኋላ ነው። ያን ዕለትም ጥሩ መልስ መጣለት። አሳጠረው፣ አሳመረው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀመጠው።

ፏፏቴው ግን ውሸት አልነበረም። ባለፈው ነሐሴ አብዱልበሲጥ ወስዶ አሳይቶታል። አብዱልበሲጥ አፋር ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አዳይቱ እስኪሄድ ድረስ የትግሉ ብቸኛ ጓደኛ ነበር። ያኔ ውሃው ከጥቁሩ ቋጥኝ ላይ እየተወረወረ ጉድጓዱን ሞልቶት ነበር። በደረታቸው ተኝተው ጠጥተውበታል። ከዚያ ወዲህ ትግሉ አንድም ቀን አልተመለሰም።

እሁድ ጠዋት ፏፏቴውን ለማየት ሦስት ሆነው ወጡ፤ ትግሉ፣ ፍቅረሰላምና ኤፍራታ። ሐዲዱን ተሻግረው በፍየል መንገዷ ወረዱና ከሸለቆው ሽቅብ ያዙ። ግንቦት ነው። ድንጋዩ ከጫማ ሥር ይፋጃል፣ እሾሁ ሱሪ ይይዛል።

«ቦቴ፣ መንገዱ ጠፋህ እንዴ?»

«አልጠፋኝም።»

«እዚህ እንኳን ፏፏቴ እንባም የለ። ሙድ ይዘህብን ከሆነ ቪዲዮውን በስምህ ነው የምለቀው።»

«አቦ ተወው» አለች ኤፍራታ። ኃይላንዷን ከፍታ ለትግሉ ስትሰጠው፣ ያዘነችለት መሰለውና አልጠጣም።

ከታች አንድ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ብቅ አሉ፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ከኋላቸው የእነትግሉ እኩያ የምትሆን ልጃቸው ግልገል ተሸክማ ትከተላለች። ፍየሎቻቸው ራቅ ብለው ግራር ሥር ተበታትነዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ ሽማግሌው።

«ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ ትግሉ። ጤናቸውን፣ የቤተሰባቸውን ደኅንነት፣ የከብቱን ሁኔታ በሚያውቃት አፋርኛ ጠየቃቸው። የሽማግሌው ፊት ፈታ አለ። ቁጢጥ አሉ፤ ትግሉም ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«ምን እየሆናችሁ ነው?» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ።

«ዳጉ ነው» አለ ትግሉ፣ እንደ አዋቂ። ፍቅረሰላም ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

በአፋር አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ዝም ብሎ አይተላለፍም። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ ይነጋገራል፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያቀብላል። አብዱልበሲጥ ይህን ሲያስተምረው ቀልድ አልነበረበትም። «ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ በል። ቀኑንም ንገር። ሰው በቃልህ ከብት ይነዳል» ብሎት ነበር።

ሽማግሌው የራሳቸውን ዜና ጨርሰው ወደ ትግሉ ጎንበስ አሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው። «ከላይ፣ ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥር፣ ውሃ አለ?»

«አለ።»

«በዓይንህ አየህ?»

ትግሉ የፍቅረሰላም ስልክ ጆሮው ሥር እንዳለ ተሰማው። «አየሁ» አለ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

ቃሏ በጣም ቀላል ነበረች። ከአፉ ስትወጣ እንኳን አልከበደችውም። የከበደችው ቀና ሲል ነው፤ ኤፍራታ እያየችው ነበር። ትናንት ቅዳሜ ለሚኒስትሪ ፈተና ቲቶሪያል ነበራቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ነው የዋሉት፤ ፍቅረሰላም ነው የቀረው። ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ወደ ሩቁ የወንዝ መውረጃ ልንሄድ ነበር። ደካሞቹ ፍየሎች አይደርሱም ብዬ ፈርቼ ነበር። አላህ ይስጥህ ልጄ። ከኋላችን ሌሎች አሉ፣ ለእነሱም እነግራለሁ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው «ነኢማ» አሉ፤ በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩዋት። ፍየሎቹን ለመሰብሰብ ተያይዘው ወረዱ።

«ትናንት መጥተህ ነበር?» አለ ፍቅረሰላም፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ። «ለምን አልነገርከንም? ይመችህ፣ ዛሬ አኮራኸኝ።»

ትግሉ ፊት ፊት ሄደ። ምናልባት ይኖራል ብሎ አሰበ። ትንሽም ቢሆን ይኖራል። ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር፣ ጥላም አለው። እየቸኮለ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። የውሃ ድምፅ ለመስማት ትንፋሹን ያዘ፤ የሰማው የራሱን ልብ ነው።

ቋጥኙ እንዳለ አለ። ውሃ ይወርድበት የነበረው ቦታ ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል። ጉድጓዱ ተሰነጣጥቆ፣ ጭቃው እንደ ተሰበረ ሸክላ ጠርዙን አንስቷል። ትግሉ ወርዶ በጫማው ጫፍ ስንጥቁን ነካው። ከሥሩም ደረቅ ነው።

ፍቅረሰላም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ስልኩን አወጣ። «በል ቦቴ፣ ለተከታዮቼ ስለ ፏፏቴህ አስረዳ። ትናንት እንዴት ነበር? ዋኝተህ ነበር?»

ሌላ ቀን ቢሆን ስድቡ ያመው ነበር። አሁን የሚሰማው ከታች የሚመጣውን ፉጨት ነው። ፍየል የሚነዱበት ፉጨት።

«እየመጡ ነው» አለች ኤፍራታ።

ፍቅረሰላም ወደ ታች አየና ስልኩን ዘጋ። «አቦ እንሂድ። በሐዲዱ በኩል እንውጣ። ሰውዬው ዱላ ይዟል።»

«ፍየሎቹስ?» አለ ትግሉ።

«ፍየሎቹ የኔ ናቸው እንዴ? ደርሰው ያዩታል።»

ትግሉ ተከተላቸው። ይህንንም በኋላ ሊክደው አይችልም፤ ተከትሏቸዋል። ሰመራ ቦቴው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ከፊቱ ያለው ሰው «አለቀ» ሲባል፣ ባዶ ጄሪካን ይዞ መመለስ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አሁን «አለቀ» የሚል እንኳን አይኖርም። ሽማግሌው ደርሰው ነጩን መስመር ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ታች ዞረው ወሬውን ያቀበሉትን ሰው ሁሉ ያስባሉ።

ከዳገቱ ላይ ሆኖ ዞረ። ነኢማ ከአባቷ ቀድማ፣ ግልገሉን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትወጣለች። ስታየው እጇን አነሳችለት። ለሚያውቁት፣ ለሚያመሰግኑት ሰው እንደሚነሳ።

ፊቱ ከፀሐዩ በላይ ጋለ። እጁን መልሶ ማንሳት አቃተው።

«ኃይላንድሽን ትሰጪኛለሽ?» አላት ኤፍራታን።

ሰጠችው። ግማሽ ውሃ አለው። «እኔም ልምጣ?»

«አይ። ‹ትናንት› ያልኩት እኔ ነኝ።»

መውረድ ጀመረ። ሽማግሌው ስሙን ባይጠይቁት ተመኘ፤ የማን ልጅ ነህ ባይሉት። ደግሞ ባይጠይቁትም መናገር እንዳለበት ያውቃል፤ ዳጉ ሲታረም ያረመው ሰው ስም አብሮ መሄድ አለበት። ከኋላ ለሚመጡትም እሱ ራሱ ሮጦ መድረስ ይኖርበታል። የሚለውን በሆዱ ደረደረው። ዛሬ፣ አሁን፣ በዓይኔ አየሁ። ውሃ የለም። ትናንት አልመጣሁም።

«ቦቴ!» ብሎ ጮኸ ፍቅረሰላም ከላይ። «ወዴት ነው? በግማሽ ኃይላንድ ፍየል ልታጠጣ ነው?»

ሐሙስ ያዘጋጀው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አጭር፣ የተሳለ። ቢናገረው ኤፍራታ ትሰማው ነበር። የፍቅረሰላም ጩኸት ቋጥኙን መትቶ ተመለሰና እንደገና ቦቴ ብሎ ጠራው። ትግሉ ዞር አላለም። ኃይላንዱን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ነኢማ ወረደ።