መጣጩ የሚያርፍበት

መጣጩ ሥራውን ጨርሶ ከአፍንጫዋ ወደ ጉሮሮዋ ሲወርድ፣ እማዋይሽ ሁልጊዜ የምትቀምሰው የዛገ ቁልፍና የከረመ እንቁላል ነው። ያን ጊዜ አክ ብላ ሳሕን ላይ ትተፋዋለች። ሲገባ የምስር ፍሬ የሚያክለው፣ ሲወጣ የአውራ ጣት ጫፍ አክሎ፣ የበሰበሰ ጉበት መስሎ፣ ምራቋ ውስጥ እየተንፏቀቀ ይንቀጠቀጣል። ፊቷን አዙራ በማንኪያ ታነሳውና ብልቃጡ ውስጥ ትከተዋለች። እስኪሰለቻት ድረስ ትጉመጠመጣለች። ከዚያ «ተመስገን» ትላለች፤ ራሷ ተሽሏታላ።

መጣጭ ማለት ሐኪም ብቻ የሚያዘው፣ ከአልቅት ዘር በቤተ ሙከራ የተዳቀለ ሕያው መድኃኒት ነው። የራስን አንድ ጎን ለይቶ የሚሰረስረውን፣ ማይግሬን የሚሉትን ሕመም ከሥሩ መጥምጦ ይጠጣዋል። በቀትር ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ በጨው ሜዳ መካከል፣ በመስተዋት ጣሪያ ሥር የተቆረቆረች ናት። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ጨው ያበራል፤ በሁለቱ መካከል ያለ ራስ ይፈነከታል። ስለዚህ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከበርበሬው ዕቃ ጎን፣ አንድ ብልቃጥ አይታጣም። የጠገበ መጣጭ ግን ዳግም አይሠራም። ክሊኒኩ ይወስደውና «አሳርፎ» አክስቶ ይመልሰዋል። የት እንደሚያርፍ የጠየቀ የለም። ከሰው አፍንጫ የወጣ ነገር የት ገባ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ባሏ ድንበሩ የጨው መቁረጫ መኪና ነጂ ነው። ደግ ነው፣ ቤቱን አይበድልም፤ ይህን በሽታ ግን አያምንበትም።

«ራስ ምታት እኮ ነው አንቺ፤ ምጥ አስመሰልሽው!» ይላታል። «ቡና ቀርቶብሽ ነው።»

«የቡናው ሽታ ነው የሚገድለኝ አልኩህ።»

«ይኸው! ቡና የሚሸሽ ራስ ከየት አመጣሽ?»

ስታስመልስ ደግሞ አፍንጫውን በሸሚዙ እጅጌ ሸፍኖ ውልቅ ይላል። «አልችልም፣ የእኔንም ታስመጪዋለሽ» እያለ። እሷም አንድ ዓይኗን በአንድ እጇ ጨፍና፣ በሌላው እጇ ሳፋውን ይዛ ትቀራለች። ከግራ ዓይኗ ኋላ ከሚሰረስረው ይልቅ ያ እጅጌ ነበር የሚያማት። በዚያ ሰዓት ለድንበሩ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ነው የምትናገረው፤ እሱ አፍንጫውን አይዝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድንበሩ ከአጎቱ ልጅ ሠርግ የተረፈ ጠጅ ራሱን ይዞት ነቃ። እማዋይሽ ገበያ ወርዳለች። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው ብልቃጥ አረፈ። ውስጡ የትናንቱ መጣጭ ክሊኒኩ እስኪወስደው ተነፍቶ ተኝቷል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባል ለሚስት መድኃኒት መካፈል በዚህ አገር ጨው እንደመበዳደር ነው፤ «ለእሷ የሠራ እኔ ጋ ምን ይሳነዋል» አለ። ደግሞም መጣጩ ወፍሮ ሲያየው የበረታ መሰለው።

እማዋይሽ ስትመለስ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ አገኘችው። ጉንጩን ከቀዝቃዛው ሸክላ ጋር አጣብቆ፣ ሸሚዙ ላይ አስመልሶ፣ ለሃጩ እስከ ጆሮው ወርዶ ነበር።

«መብራቱን... እማዋይሽ፣ በእመቤቴ፣ መብራቱን አጥፊው።»

«ምን ሆንክ? ምን ነካህ?»

«አትጩኺ!» እሷ ግን በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው። ብልቃጡን በጣቱ አሳያት። «ይሄ ነው? ሁልጊዜ... ይሄ ነው የምትይው?»

ባዶውን ብልቃጥ አይታ ገባት። በእርግጥ ደነገጠች። ነገር ግን ከድንጋጤው ሥር አንድ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ትንሽ፣ ሞቅ ያለ፣ የሚጣፍጥ ነገር። «ቡና ላፍላልህ?» አለችው።

ድንበሩ የቡናን ስም ሲሰማ እንደገና አስመለሰ። ያን ጊዜ የጣፈጣት ነገር አፏ ውስጥ መረረ። ራሷን ተጸየፈች፤ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይኸው አይደል? አማተበችና ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ከክሊኒኩ ጋር የሚያገናኘውን የምስል መስኮት ከፈተች። የዶክተር ሐናን ፊት ብቅ አለ።

«ዶክተር፣ ባለቤቴ የጠገበውን መጣጭ አስገባው። ይሞትብኛል!»

ዶክተሯ አልደነገጠችም። እማዋይሽን መጀመሪያ ያስፈራት ይህ ነው።

«አይሞትም፣ ወይዘሮ እማዋይሽ። መጣጩ የያዘውን እያራገፈበት ነው። ጨለማ ያድርጉለት፣ ውሃ ያጠጡት። ሲጨርስ ራሱ ይወጣል። ሲወጣ ታዲያ እንዳይጥሉት፤ አርፏል ማለት ነው፣ ይሠራል።»

«አርፏል?»

ዶክተሯ እንዳመለጣት ዘግይቶ ገባት። መነጽሯን አወለቀች።

«እናንተስ... የምታሳርፉት እንዴት ነው?» አለች እማዋይሽ።

«ሕመም አይጠፋም፤ ይሸከሙታል እንጂ። መጣጩ የሚራገፍበት አካል ያስፈልገዋል። በአይጥ ሞክረን ነበር፣ አይጦቹ አልቻሉትም።»

«ሰው ቻለው?»

«ፈቅደው ነው። ይከፈላቸዋል። ከክሊኒኩ በታች ክፍል አላቸው፤ ጨለማ ነው፣ ንጹሕ ነው። ይመቻቸዋል።»

እማዋይሽ መስኮቱን ዘጋችው። «ይመቻቸዋል» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ የዛገ ቁልፍ፣ የከረመ እንቁላል። ስንት ጊዜ ተጉመጥምጣ «ተመስገን» እንዳለች አሰበች። እሷ ተመስገን ስትል፣ ከእግሯ በታች ስሙን የማታውቀው ሰው ሸክላ ላይ ተደፍቶ ለሃጩን ያዝረበርብ ነበር። ምስጋናዋን ማን ዘንድ እየላከች ኖራለች? አሁን ማስመለስ ያሰኛት ራሷን አሟት አልነበረም።

ወደ ከሰዓት ድንበሩ አክ አለ። ሳሕኑ ላይ አንዲት ምስር የምታህል ነገር ወደቀች፤ ከስታ፣ ጠርታ። እማዋይሽ ስታያት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ይህች ትል ምን አጠፋች? የሰጧትን ተሸከመች፣ ያደረሷት ቦታ አራገፈች። ከዚህ ሁሉ መካከል የሚያስጸይፈው ትሏ አልነበረችም። አንስታ ብልቃጥ ውስጥ አኖረቻት።

ድንበሩ ፊቱን ታጥቦ ገና ሳይቀመጥ፣ በእማዋይሽ ዓይን ጥግ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ብርሃን መሽከርከር ጀመረ። ቀዳሚ መልእክተኛው ነው፤ ሕመሙ ከኋላው እየመጣ ነው። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ድንበሩ አያት። ከዚህ በፊት አይቷት አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል።

ብልቃጡን አመጣላት። ክዳኑንም ከፈተላት።

«አስገቢው» አለ። «አስገቢውና... ከዚያ ወደ ክሊኒክ አንልከውም። እኔ ላይ ይረፍ።»

«አንተ ላይ?»

«ባልሽ አይደለሁ? ሁልጊዜም እኔ ላይ ይረፍ።» ይህን ሲል ከንፈሩ ነጣ። ምን እንደሚቀበል እያወቀ ነበር የሚናገረው።

የብርሃኑ መጋዝ እየሰፋ የድንበሩን ፊት ግማሽ በላው። እጇን ወደ ብልቃጡ ዘረጋች፤ መውሰድ ፈለገች፣ ሐሰት አይደለም። ጣቷ የብልቃጡን አፍ ነካ። በቀረው በግማሹ ፊት ላይ ግን፣ ዓይኑ ከብልቃጡ ለመሸሽ ሲታገል አየችው።

«ክደነው» አለች።

«እማ—»

«ለዛሬ ክደነው። የነገውን እግዜር ያውቃል። ይልቅ መጋረጃውን ዝጋልኝ።»

ዘጋላት። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ፣ ኮቴው እንዳይሰማ እየረገጠ፣ ሳፋውን ይዞ መጣ። ሕመሙ ከግራ ዓይኗ ኋላ ገብቶ መሰርሰሪያውን ሲያስነሳ፣ ልማዷ ሆኖ በሩ እስኪከፈትና እስኪዘጋ ጠበቀች። በሩ አልተከፈተም።

ስታስመልስ ሳፋው ከአገጯ ሥር ነበር። ጥቂቱ እጁ ላይ ፈሰሰ። አንዴ እሱንም ሊያስመልሰው ሲል ሰማችው፤ ድንበሩ ዋጠው፣ ፊቱንም አላዞረም። ከዚያ በዚያው በሸሚዙ እጅጌ አፏን ጠረገላት።