የአባ ምንዳር የመጨረሻ ቃል

የኤልማዝር አገር ነጫጭ ቁራዎች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው የተቀመጡ ዕለት የሰው ደም ሳይፈስ አይመሽም ይባላል። በንጉሥ ሶፋር ዘመነ መንግሥት፣ መከር በተሰበሰበ ማግሥት፣ ቁራዎቹ በጸሊማት ከተማ ግንብ ላይ ተደርድረው ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጡ። ረፋዱ ላይ አባ ምንዳር ሞተው ተገኙ።

አባ ምንዳር ከአገር አገር እየዞረ ትርኢት የሚያሳይ ጓድ አለቃ ነበሩ። አስከሬናቸው የተገኘው በጸዳል በረት ደጃፍ ነው፤ ደረታቸው በሦስት ረጃጅም ስንጥቆች ተተልትሏል። ጸዳል የጓዱ ገሞር ነበር። ገሞር በሬ የሚያክል፣ ጋማው ላባ፣ ጥፍሩ ማጭድ የሆነ፣ ሲያገሣ ግንብ የሚያንቀጠቅጥ ፍጥረት ነው። ጸዳል ግን በከበሮ ምት ከመሽከርከርና ከሕፃናት መዳፍ ማር ከመላስ በቀር በዕድሜው ሌላ ሥራ አያውቅም።

ሐመራ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሃያ ዓመቷ ነው። እናቷ በወረርሽኝ ስትሞት አባ ምንዳር አንስተው አሳደጓት፤ በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ከተማው ፈራጅ ወደ ቀስራን አደባባይ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ የገሞር መዳፍ አራት ጥፍር አለው» አለች። «በአባቴ ደረት ላይ ያለው ቁስል ግን ሦስት ነው!»

«አንዱን አጥፎት ይሆናላ» አለ ፈራጁ።

«ገሞር ጥፍሩን ማጠፍ አይችልም።»

«ጠይቀሽዋል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ሐመራ ጥርሷን ነከሰች።

ፈራጁ በትሩን አነሣ። «ስሙ! አውሬው በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ በሰባት ጦር ይወጋ። የጓዱ ከበሮዎችም ያኔ ይቃጠሉ፤ ጓዱም ይበተን። አንቺ ልጅ፣ ገዳይ አለ የምትይ ከሆነ፣ በገዛ አንደበቱ የሚያምን ሰው አምጪልኝ። አለዚያ እንዳላይሽ።»

ከዚያ ወዲያ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። እሳት የሚውጠው የጓዱ አባል ተኝቼ ነበር አለ። መንትዮቹ ተገለባባጮች ውኃ ልንቀዳ ወርደን ነበር አሉ። የበረቱን ደጃፍ ልታይ ስትመለስ ደግሞ የከተማው ጠራጊዎች ደሙን፣ ዱካውን፣ ሁሉንም በውኃ አጥበው ጨርሰዋል። «ለንጽሕና ብለን ነው» አሏት። ሐመራ ባዶውን እርጥብ ድንጋይ እያየች፣ የምትመታው ነገር አጥታ የራሷን ጭን በቡጢ መታች።

የጓዱ ከበሮ መቺ እማ ዶላት ጠሯት። ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት የዞሩ አሮጊት ናቸው። «ልጄ፣ በራማት ተራራ የቃል ዋሻ አለ» አሏት። «የሟች ሁሉ የመጨረሻ ቃል ሄዶ የሚያድረው እዚያ ነው። ለጠየቀ ያሰማል። ነገር ግን ምትክ ሳይቀበል አይሰጥም። እኔ እዚህ ሆኜ ጸዳልን በከበሮ አጽናናዋለሁ።»

«ብቻዋን አትሄድም» አለ ከኋላቸው ጩቤ ወርዋሪው ጓንዛር። በየከተማው ሐመራን ከሳንቃ ፊት አቁሞ፣ በጆሮዋና በአንገቷ ዙሪያ አሥራ ሁለት ጩቤ የሚሰካ፣ እንደ ታላቅ ወንድሟ የምታየው ሰው ነው። «እኔም አባቴ ነው የሞተብኝ።»

ሐመራ እጇን በጸዳል ላባ ላይ አድርጋ ማለች። «ሰባቱ ተራሮች ይስሙኝ! የገዳዩን ስም ሳልይዝ ብመለስ እግሬ ምድር አይርገጥ!»

መንገዱ ከመጀመሪያው ጠመመ። ጓንዛር አቋራጭ አውቃለሁ ብሎ ረግረግ ውስጥ ከተታት፤ ግማሽ ቀን በጭቃ ለፉ። በማግሥቱ እሱ ያሰራት በቅሎ ተፈትታ ጠፋች። «ምን ዓይነት ዕድል ነው ያለኝ!» እያለች ሐመራ ሰማዩን ትረግማለች እንጂ አብሯት የሚሄደውን ሰው ለመጠርጠር አላሰበችም። በሦስተኛው ቀን ከገርማድ ወንዝ ሲደርሱ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። የቀረው ከገደል ገደል የተወጠረ አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ ነው። እሷ በላዩ እንደ ጎዳና ተራመደችበት። ጓንዛር በእጁ ተንጠልጥሎ ተሻገረና ለረጅም ጊዜ እጆቹን በብብቱ ሸጉጦ ተቀመጠ።

በዋሻው አፍ ላይ ጺሙ ሽበት ይሁን የድንጋይ ሽበት የማይለይ ሽማግሌ ተቀምጦ አገኙ።

«ዛሬ አይሆንም» አለ። «ነገ ተመለሺ።»

ነገ በጠዋት መጣች። «በጠዋት አይከፈትም፤ ከቀትር በኋላ ነይ።» ከቀትር በኋላ መጣች። «አሁንማ ዘጋሁ።»

«ከቀትር በኋላ ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት!»

«እኔ ምን ላድርግሽ?»

በስድስተኛው ቀን ጓንዛር ክንዷን ያዘ። «ተይው ሐመራ። ለአንድ አውሬ ስትይ ራስሽን አትጨርሺ። እንመለስ።» እሷ ግን ክንዷን መንጭቃ በዋሻው ደፍ ላይ ተዘርግታ ተኛች።

«ከዚህ አልነሣም! ከፈለጉ ይርገጡኝ!» ብላ ጮኸች። «ያልጠየቅሁት ሰው፣ ያላንኳኳሁት በር የለም። ሁሉም ነገ ይለኛል። ነገ የለኝም!»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያው ግቢ። ምትኩ በገመድ ላይ የሚያቆምሽ ሚዛን ነው።»

ሐመራ ተነሥታ ቆመች። ከገመድ በቀር ምን አላት? «ሌላ ይጠይቁኝ» አለች በለሆሳስ። «እጄን ይውሰዱ።»

«እጅሽ ምን ያደርግልኛል?»

ጸዳል በበረቱ ውስጥ ጦሩን ሲጠብቅ ታያት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከጆሮዋ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተመዝዞ ሲወጣ ተሰማት። የዋሻው ወለል እንደ ጀልባ ዘመመ፤ በጉልበቷ ወደቀች። ወዲያውም ያሳደጋት ድምፅ ከድንጋዩ ውስጥ ወጣ።

«ጓንዛር ልጄ፣ እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ከእንግዲህ ሐመራን ከሳንቃው ፊት አላቆምልህም። ጩቤዎቹን ስጠኝ።»

የአባ ምንዳር የመጨረሻ ቃል እዚያ ላይ አበቃ።

ሐመራ ዞር ለማለት ሞክራ በጎኗ ወደቀች። ተከትሏት የገባው ጓንዛር ጩቤ መዝዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው የያዝኩት» አለ። «ያለ ጩቤ እኔ ማን ነኝ? ለአፍታ ነበር... ለአፍታ ብቻ ነው የተቆጣሁት። ሌሎቹን ስንጥቆች የገሞር ጥፍር ለማስመሰል ጨመርኳቸው።»

ወረወረ። ጩቤው ከጆሮዋ አንድ ስንዝር ርቆ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ወደቀ። በሕይወቱ እንዲህ ስቶ አያውቅም። ሁለተኛውን መዘዘ፤ እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

ሐመራ ከወደቀችበት ሆና ጮኸችበት። ከፍርሃት ይልቅ ንዴት ነበር የሚያንቃት። «እኔስ አሁን ማን ነኝ? ንገረኛ! መቆም አቃተኝ እኮ! አንተ ያንተን ላለማጣት አባቴን ገደልህ፤ እኔ ደግሞ ያንተን ስም ለመስማት የኔን ሰጠሁ! ሦስት ቀን ሙሉ በመንገድ ስታንከራትተኝ... በቅሎዋን ፈትተህ የለቀቅካትም አንተ ነህ!»

«እኔ ነኝ» አለ። ጩቤው ከእጁ ወደቀ። እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሷ ግን ልታጽናናው አልፈለገችም።

«ማልቀሱን ለፈራጁ አድርገው» አለችው። «ትመጣለህ?»

እንባውን በእጅጌው ጠርጎ «እመጣለሁ» አለ።

ሐመራ እየወደቀችና እየተነሣች ከገርማድ ገደል ሲደርሱ ስምንተኛው ቀን ነግቷል። ሐመራ በገመዱ ላይ አንድ እርምጃ ሞከረች፤ ጓንዛር ባይይዛት ገደል ገብታ ነበር። ከዳር ተቀምጣ፣ በልጅነቷ በአንድ እግር ትሻገረው የነበረውን ዓይነት ገመድ እያየች በንዴት አፈር ቧጠጠች። ጓንዛር በመቀነቱ ከጀርባው አሰራትና ገመዱን በእጆቹ ጨበጠ። ከሥራቸው ወንዙ ያገሣል። እነዚያ መንቀጥቀጣቸውን ለመደበቅ ሲል ሰው የገደለላቸው እጆች በየክንዱ ርዝመት ይንቀጠቀጣሉ። ሁለቴ አንዱ እጁ አመለጠው። ሐመራ ዓይኗን ጨፍና፣ በአባቷ ገዳይ ጀርባ ላይ ተጣብቃ፣ የልቡን ምት ሰማች። ከማዶ ሲደርሱ መዳፎቹ ተልጠው ይደሙ ነበር።

ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ጸሊማት ሲገቡ የዘጠነኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሰባቱ ጦረኞች ክንዳቸውን አንሥተዋል። እማ ዶላት ጣታቸው እየደማ ከበሮ ይመታሉ፤ ጸዳል በጦሮቹ መካከል በዝግታ ይሽከረከራል።

«ጦራችሁን መልሱ!» አለ ጓንዛር፣ የሚደሙ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። «አባ ምንዳርን የገደልኩ እኔ ነኝ!»

ፈራጅ ቀስራን ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰማ። ጓንዛር ዕድሜ ልኩን በጨው ዋሻ እንዲሠራ ፈረደበት፤ ገሞሩንም ጓዱንም በነጻ ለቀቀ። ከዚያም ጺሙን እየዳሰሰ «ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ሐመራ በንዴት ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራምዳ፣ ወድቃ የከተማው መሳቂያ እንዳትሆን የበረቱን አጥር አጥብቃ ያዘች።

ጓዱ ጉዞውን ቀጠለ። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ከተማ፣ ትርኢቱን የሚያስተዋውቅ ሰው ጠፍቶ እማ ዶላት ሐመራን ወደ አደባባዩ መካከል ገፏት። በሁለት እግሯ ለመቆም ገና እየታገለች ነው፤ ምድር ወደ ግራ ስትዘም እሷ ወደ ቀኝ ትዘማለች።

«ይቺ ሰክራለች!» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ሕዝቡም በሳቅ ፈነዳ።

ሐመራ ደሟ ፈላ። ጣቷን ቀሰረችበት። «አልሰከርኩም። ቆሜያለሁ! መቆም ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ብታውቅ፣ ከመሳቅ ፈንታ ታጨበጭብ ነበር!»

ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ ቀስ ብሎም ማጨብጨብ ጀመረ። እሷ ግን ጭብጨባውን አልጠበቀችም። እግሮቿን ሰፋ አድርጋ ተከለችና፣ ትንፋሿን ስባ፣ የጓዱን ስም እስከ ግንቡ ጫፍ እንዲሰማ አድርጋ ጠራች።