ከዚያ ገንዳ የማይጠጡት

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አርዲስ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተም አታውቅም።»

ከዚያ ባልዲ መሬት ላይ ሲጎተት ተሰማ።

ይህን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ፣ ከወተት ክፍሉ በር ኋላ ቆሜ ነው። አንደኛው ድምፅ የአባቴ ነበር። የሌላኛውን አላወቅሁትም። ቃላቱም ልክ እነዚህ ይሁኑ፣ ወይ ዕድሜ ቀይሯቸው ይሁን... አልምልም።

አሁን በምነግራችሁ ግን እምላለሁ።

የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በገዛ ቤታችን ጓሮ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ጎረቤት ሣር ማጨጃውን ያስጮኻል። ጨለማ አሳስቶኝ ነው እንዳልል፣ ጨለማ አልነበረም።

ሎዌል እባላለሁ። የወተት ቦቴ እነዳለሁ። ማውራት አይሆንልኝም፤ ሰው ሲያወራ ግን እሰማለሁ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው። ስለ ዓሣ የማውቀውን ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ለብቻዬ አነበብኩት።

እናቴ አርዲስ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ከሰማንያ አልፋለች። እየከሳች ነው።

ሐኪሟ ምንም አልደበቀኝም። «ከዚህ በላይ ከቀነሰች እቤት ልትይዛት አትችልም» አለኝ። «መጦሪያ ትገባለች።»

እናቴ መጦሪያ ከገባች የበረዶውን ክረምት አትወጣውም። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ።

እንዳትበላ ያደረጋት ደግሞ ሕመም አይደለም።

ዓሦቹ ናቸው።

ጓሯችን ውስጥ አባቴ ፓልመር ላሞቹን ያጠጣበት የነበረ ክብ የኮንክሪት ገንዳ አለ። ላሞቹ ከተሸጡና አባቴ ካረፈ በኋላ በረቱ ፈረሰ፤ የቀረው የወተት ክፍሉ ብቻ ነው። መሬቱን አከራየነው፤ አሁን ከአጥሩ ማዶ በቆሎ ነው። እኔ ገንዳውን ጠግኜ፣ ዙሪያውን አበባ ተክዬ፣ የዓሣ ኩሬ አደረግሁት። ወርቃማ ዓሦች ጨመርኩበት። እናቴ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየቻቸው ትበላ ጀመር። ደስ አለኝ።

ከዚያ መሞት ጀመሩ።

ወርቃማ ዓሣ እንዲህ በቀላሉ የሚሞት ፍጥረት አይደለም። የእኛን አገር ክረምት በረዶ ሥር ተኝቶ የሚያሳልፍ ዓሣ ነው። የእኔዎቹ ግን ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ጠዋት ደህና የነበሩት፣ ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ።

ውሃውን መረመርኩ። ደህና ነው።

ግማሹን ቀየርኩ። ሞቱ።

አየር የሚነፋ ፓምፕ ገጠምኩ። ሞቱ።

መረብ ዘረጋሁ። ማጣሪያውን አጠብኩ። የታመመ ካለ ብዬ አዲሶቹን ለብቻቸው በርሜል ውስጥ አቆየሁ። በርሜሉ ውስጥ እንደ ወይፈን ይቦርቃሉ። ገንዳው ውስጥ ስጨምራቸው... ሞቱ።

በየጊዜው እናቴ በመስኮቱ ታያለች። ሳህኗን በጣቷ ጫፍ ገፋ ታደርገዋለች።

«እማዬ፣ አንዲት ጉርሻ።»

«ዛሬ አይሆንም።»

ጸለይኩ። እውነቱን ለመናገር ጸሎቴ ጸሎት አይመስልም ነበር፤ ክስ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ሌላው ሰው አንበሳ ገጥሞታል፣ እኔን በጣት የምታህል ዓሣ ታሸንፈኝ?

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ... በሕይወት ያሉት ሁልጊዜ ወደ ቤቱ በኩል ተጠጋግተው ነው የሚገኙት። ከገንዳው በማዶ፣ በበቆሎው በኩል፣ አንድም ዓሣ አይሄድም። ምግብ ስበትን እንኳ።

የሸሹት ነገር ያለ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ቨርሊን መጣ። ቨርሊን የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሽማግሌ። እኔ የሞቱትን ስቀብር ደረሰ።

«አንተ ልጅ፣ መቃብር ቦታ ጠበበህ አሉ» አለኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከአክስትህ ጎን ትንሽ ቦታ አለ። ዝም ያሉ ናቸው ብዬ እለምንልሃለሁ።»

«ቨርሊን፣ ዛሬ አይቀልዱብኝ።»

«እሺ። አየር አንሷቸው ይሆን?»

«ፓምፕ አለ።»

«ውሃውስ?»

«እኔ ከምጠጣው ይሻላል።»

«ሽመላ?»

«ሽመላ ይበላል እንጂ ገድሎ ትቶ አይሄድም።»

«እንግዲያው ፊትህን አይተው ነው።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ መሬት አየ።

አቆመ።

«ሎዌል... ላም ገዛህ እንዴ?»

«የምን ላም?»

በአገጩ አመለከተኝ። ውሃ ስቀይር የፈሰሰው ከገንዳው ማዶ ያለውን መሬት አጭቅቶታል። ጭቃው ላይ ኮቴ አለ። የአንድ ላም አይደለም... የብዙ። ከአጥሩ በር ጀምሮ ይመጣል። ገንዳው ዘንድ ሊደርስ ክንድ ያህል ሲቀረው ይቆማል። አንዱም አልተጠጋም። እዚያው ዞሮ ይመለሳል።

በሩን ሄጄ አየሁት። ሰንሰለቱ ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ከኋላው የቆመው በቆሎ አንድ አገዳ እንኳ አልተሰበረም።

«ዓሦቹ የሚሞቱት ስንት ሰዓት ነው?» አለ ቨርሊን። ድምፁ ቀንሷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

ወደ መኪናው ሄደ። ሁልጊዜ ለእናቴ ሰላምታ ሳያቀርብ ሄዶ የማያውቅ ሰው ወደ መስኮቱ ዞር እንኳ አላለም።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኋላው በር ተከፈተ።

እናቴ ነበረች።

መደገፊያዋን እየገፋች፣ ቀስ እያለች... መደገፊያዋ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አንጠልጥላለች። ገንዳው ዘንድ ደረሰች። እጇን ቆርቆሮው ውስጥ አስገብታ፣ ለዶሮ እህል እንደሚበትን ሰው፣ ውሃው ላይ በተነች።

ሮጬ ወጣሁ። እጇን ያዝኩት። መዳፏ ሰማያዊ ነው።

የመዳብ ጨው ነው። ላም ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለኮቴ በሽታ መንከሪያ ይሆናል፤ የድሮ ገበሬዎች ደግሞ ገንዳ ላይ የሚረጋውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ለማጥፋት ቆንጠር አድርገው ይጥሉታል። ዓሣን ግን ወዲያው ይገድላል። የእኔ የውሃ መመርመሪያ መዳብን አይለካም። ያን ሁሉ ጊዜ ደህና ነው፣ ደህና ነው ሲለኝ የከረመው ለዚህ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» ድምፄ ከፍ አለ። «እኔ ስቀብር፣ ስቀይር፣ ስለምን... አንቺ ነሽ የምትገያቸው?»

«ውሃው አረንጓዴ ሆኗል» አለች። «አረንጓዴ ከሆነ አይጠጡም።»

«እነማን?»

ቀና ብላ ከትከሻዬ በላይ ወደ በቆሎው አየች። ትዕግሥት የጨረሰ ልጅ ፊት እንደቆመች ሁሉ ፈገግ አለችልኝ።

«ቀስ በል። ታስደነግጣቸዋለህ።»

ወተት ክፍሉ ውስጥ የቀረውን የመዳብ ጨው ጆንያ አገኘሁት። ወስጄ መርዛማ ነገር ለሚሰበስቡት አስረከብኩ። ገንዳውን አፈሰስኩ፣ በብሩሽ ፈተግሁ፣ አጠብኩ፣ እንደገና ሞላሁ። የመዳብ መመርመሪያ ገዝቼ ለካሁ። ንጹሕ ነው። አዲስ ዓሦች ጨመርኩ።

አልሞቱም።

ሰነበቱ። አንድም አልሞተም። ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር።

እናቴ ግን አልበላችም።

«እማዬ፣ ዓሦቹ ይኸው ይዋኛሉ። እንግዲህ ብዪ።»

«ከብት ሳይጠጣ?»

ይህን አባባል አውቀዋለሁ። የቤታችን ሕግ ነበር፣ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ሕግ ነበር። ከብቱ ሳይበላና ሳይጠጣ ሰው ማዕድ አይቀርብም። በልጅነቴ ረሃብ ሆዴን እየሞረደኝ አባቴ ገንዳውን አይቶ እስኪመለስ ስንት ቀን ሾርባው ቀዝቅዞብኛል።

«ላሞቹ ተሽጠዋል እኮ» አልኳት።

«እነዚያን አይደለም የምልህ።»

ጭቃው ላይ ኮቴው በየቀኑ አዲስ ነበር። በየቀኑ ክንድ ሲቀረው ይቆማል።

ዓሦቹም በሕይወት እያሉ... ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቱ በኩል ይሸሻሉ።

ቨርሊን ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ባቄላ እየፈለፈለ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ልጅ ሳለሁ ወተት ክፍሉ ውስጥ ‹ሁሉም› ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከአባቴ ጋር የነበሩት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ባቄላውን መፈልፈል አላቆመም።

«ሞቃት ቀን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ፓልመር ጠዋት ገንዳው ውስጥ ያን ሰማያዊ ነገር ጣለ። አርዲስ አላየችም። ከሰዓት በኋላ ውሃው አረንጓዴ ነው ብላ እሷም ጨመረች። በእፍኝ ነው እንጂ በቁንጥር አይደለም፤ እናቷ እንደዚያ ነበር ያስተማረቻት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላሞቹ ገቡ። ተጠምተው ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሷስ ምን ተባለች?»

«መብረቅ አልናት። አጥሩን ተጠግተው ቆመው መታቸው አልናት።» የባቄላውን ልጣጭ ከጭኑ አራገፈ። «አባትህ ሌሎች ላሞች ገዛ። አንዳቸውም ከዚያ ገንዳ አልጠጡም። ውሃው ተቀይሯል፣ ታጥቧል... አይጠጉም። ከዚያ ወርቃማ ዓሣ አምጥቶ ጨመረበት። ውሃው ደህና መሆኑን እንዲያዩ ብሎ።»

«ላሞቹ እንዲያዩ?»

«እና ማን? ሰው መስሎህ ነው?» ሊቀልድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ላም ዓሣ አታምንም፣ ሎዌል። ያንን ገንዳ ትቶ ሌላ ሠራ።»

ቤት ስመለስ እናቴ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጣለች። ያቀረብኩላት ዳቦና እንቁላል አልተነካም። ሐኪሟ በማግስቱ ሊመዝናት ቀጠሮ ነበረን። የእጇን አንጓ አየሁት፤ ሰዓቷ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ... አባዬ ስለ መብረቁ የነገረሽ...»

«መብረቅ ምላስ ሰማያዊ አያደርግም» አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ።

«አይቻቸዋለሁ። ምላሳቸው ወጥቶ ነበር።» ድምፏ ረጋ ያለ ነው። «አባትህ እኔን ሊያድን ዋሸ። እኔም እሱን ላድን ዋሸሁ። አንድም ቀን አላነሳነውም። ጥሩ ሰው ነበር።»

«እንግዲያው ለምን እንደገና ጨመርሽበት?»

«ልቤ ይጠፋል አንዳንዴ፣ ልጄ። አረንጓዴ ሳይ እጄ ራሱ ይሄዳል።» እጇን ገልብጣ አየችው። «አሁን ውሃው ንጹሕ ነው። አጥበኸዋል። ግን እነሱ አያውቁም። ፈርተው ነው። የተጠሙ ናቸው... በጣም የተጠሙ ናቸው። ከቤቱ አንድ ሰው ቀድሞ እንዲጠጣ ነው የሚጠብቁት።»

«እማዬ።»

«እኔ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም። ሞክሬያለሁ።»

እምቢ አልኳት። ይህ የሰይጣን ሥራ ነው አልኳት። ድካም ነው አልኳት። የምላት ሳጣ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ሌላ ክፍል ገባሁ። ገጹን አየዋለሁ እንጂ አላነበውም። በግድግዳው በኩል ሹካዋን አንስታ መልሳ ስታስቀምጥ ይሰማኛል።

ታነሳለች... ታስቀምጣለች።

ለመብላት ፈልጋ ነበር። እርቧት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሣሁ።

ሳህኗን ይዤ፣ እሷን ደግፌ ወጣን። ከገንዳው ወዲህ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። እኔ ዞሬ በማዶው በኩል ሄድኩ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጀርባዬ ለበቆሎው ነው።

የማዕድ ጸሎታችንን በልቤ አደረስኩ።

የጎረቤቱ ሣር ማጨጃ ቆመ። ወፍ የለም። ዓሦቹ ሁሉ እናቴ እግር ሥር ተከማችተዋል።

የአጥሩ ሰንሰለት አልተንቀሳቀሰም። ጭቃው ግን ከኋላዬ... ጭልቅ... ጭልቅ... ይል ጀመር። ከባድ ነገር እግሩን እየነቀለ የሚመጣ ይመስላል። አንድ አይደለም።

ክንድ ሲቀረው ቆመ።

አንገቴ ላይ ትንፋሽ አረፈ። ሞቃት ነው። የሣር ሽታ አለው።

አልዞርኩም። ጎንበስ ብዬ ከንፈሬን ውሃው ላይ አድርጌ ጠጣሁ።

ምንም ሳይሆን ቆየ።

ከዚያ በግራዬ ውሃው ላይ ትንሽ ክብ ተከፈተ። ቀጥሎ በቀኜ። ከዚያ ከጎኑ፣ ከዚያም ወዲያ... ገንዳውን ግማሽ ዙር ክቦቹ ሞሉት። ምንም ነገር አይታይም፤ ውሃው ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። እርጥቡ ኮንክሪት እየታየ መጣ። ሁለቱም ትከሻዎቼ ላይ የሚታከክ ነገር ነበር። ብነሣ እንኳ መነሻ ቦታ አልነበረኝም።

ከማዶ የሹካ ድምፅ ሰማሁ።

እናቴ እየበላች ነበር። በዝግታ፣ ዳቦውን እያራሰች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ... ሳህኑ እስኪጸዳ በላች። ከዚያ አፏን ጠርጋ፣ እንዳይደነግጡ ብላ፣ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ነገም?»

አገጬ ውሃው ውስጥ ነው። ጆሮዬ ሥር የሆነ ነገር በጥማት ይጎነጫል።

«እሺ» አልኳት። «በየቀኑ።»