የሁለት ሳህን አረፋ

ቀድሪያ ሳህኑን ገለበጠችው። የእንቁላሉ አረፋ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ የሀበሻው ነው?» አለች ፍቅርአዲስ።

«የሀበሻው ነው። አንቺው ነሽ ያመጣሽው።»

«በቃ፣ ተበላን!»

ሁለቱም ግድግዳውን የተደገፈውን ትልቅ ወረቀት አዩ። «የሀበሻ ዶሮ እንቁላል አረፋ ከፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ይልቅ ቶሎ ይፈርሳል። ኬክ ቤቶች ባይገዙት ይመከራል» ይላል፣ ባማረው የፍቅርአዲስ የእጅ ጽሕፈት። የሦስት ሳምንት ልፋታቸው ነው። ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ሳይንስ ውድድሩ የሚወስዳቸው መኪና ደግሞ ደርሷል።

ሥራውን ተካፍለው ነበር። ቀድሪያ የፈረንጁን ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለው ቤታቸው ስትመታ፣ ፍቅርአዲስ የሀበሻውን በተከራየቻት ክፍል ትመታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለልምምድ ብለው እዚሁ ቀድሪያ ቤት ሁለቱንም በእሷ ሳህን መቱ። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው።

«ሳህንሽን በምንድን ነው የምታጥቢው?» አለች ቀድሪያ።

«የአከራዬ ሳህን ነው። እትዬ ሥራነሽ "በዐቢይ ጾም እንቁላል የነካ ዕቃ ሽታው ሳይለቅ ቤቴ እንዳይገባ" ብለውኛል። በዱቄት ሳሙና ፈትጌ ነው የምመልሰው።» ፍቅርአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ማለቅለቂያው ላይ እቆጥባለሁ።»

ቀድሪያ ገባት። መምህር ምስጋናው እኮ ነግረዋቸዋል። ፕሮቲን ውሃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ለአረፋው ቆዳ ይሆነዋል፤ ሳሙና ግን መሐል ገብቶ ያላቅቀዋል። ሁለቱም ለየብቻ አረፋ ይሠራሉ፤ ሲቀላቀሉ ይበላሻሉ። ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል፤ ጽፈውም ከድነውታል።

«ማን ያውቃል?» አለች ፍቅርአዲስ። «ዳኞቹ ተቀምጠው እንቁላል አይመቱ!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጥራ! እስኪጠራ እኔ ተምሬ እወጣለሁ።» እንባዋ መጣ። «ያንቺ ቤት እዚሁ ነው፣ ቀድሪያ። የኔ አባት ግን "ከዘንድሮ ወዲያ ኪራይ የለም፤ ወደ ገጠር ትመለሻለሽ" ብሏል። ያሸነፈ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ሌላ መንገድ የለኝም።»

እውነቷን ነው፤ ሌላ መንገድ የላትም። ቀድሪያ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ብትናገር እሷ የምታጣው አንድ የጉዞ ቀን ነው፤ ፍቅርአዲስ የምታጣው ትምህርቷን ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን የሰጣትን ቀን ረገመችው።

«እናትሽ ቅዳሜ ገበያ የሚሸጡት ምንድን ነው?» አለች በመጨረሻ።

ፍቅርአዲስ ወረቀቱ ላይ «ባይገዙት ይመከራል» የሚለውን አየች። እናቷ የሚሸጡት የሀበሻ እንቁላል ነው።

በሩ ተንኳኳ። «ኧረ ተነሡ! መኪናው እናንተን ብቻ ነው የሚጠብቀው» አሉ መምህር ምስጋናው፣ ብቅ ብለው።

ቀድሪያ ጓደኛዋን አየቻት። ከዚያ ወረቀቱን ትታ የተገለበጠውን ሳህን አነሣች።

«መምህር፣ ይግቡ። ውጤታችን ስሕተት ነው። የሀበሻውን የመታንበት ሳህን ሳሙና ነበረበት።»

መምህሩ ሳህኑን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ።

«አሁን እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለም እኮ፣ ቀድሪያ።»

«አውቃለሁ።»

ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ፍቅርአዲስ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ቁጭ አለችና ለውድድሩ ብላ ከቀድሪያ የተዋሰችውን ጫማ ፈታች። አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ በሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠችው።