የሃምሳ አለቃ ጀይሉ አማና

«ሰው ነውና ይበድላል» አሉ ሼሁ ከቃሬዛው ራስጌ ቆመው። «ወንድማችን ጀይሉ ዛሬ ወደ አኼራ ሄዷል። የበደላችሁ፣ ያስቀየማችሁ ካላችሁ አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ግቢውን የሞላው ሰው ባንድ ድምፅ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ከሚሴ ውስጥ ጀናዛ ከቤት ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው። ይጠየቃል፣ ሰዉ አውፍ ይላል፣ ከዚያ ቃሬዛው ትከሻ ላይ ይወጣል። ዓዲላ ከሴቶቹ መሀል የአያቷን የሀዲጃን ክንድ ይዛ ቆማ ነበር። ቃሬዛው ግን አልተነሳም። የማሾ ነጋዴው ዘይኑ ሰውን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔም አውፍ ብያለሁ!» አለ፤ ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወንድሜን ሙሐመድዘይንን ጦር ሜዳ ጥሎብኝ መጥቷል። ይሁን! የወንድሜን ደም ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ!»

ግቢው ጉም ጉም አለ። «ማሻአላህ!» «ይኼ ነው ሰው ማለት!» አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

ዓዲላ «ውሸታም!» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ሀዲጃ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። ወንዶቹ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ቃሬዛውን አነሱት። ወንድ አያቷ ጀይሉ፣ ምንም ያላጠፋው ሰው፣ ምሕረት ተደርጎለት ከገዛ ግቢው ወጣ።

ሃምሳ አለቃ ጀይሉ ዓዲላን ያሳደጋት ሰው ነው። እናቷ ጂዳ ለሥራ ከሄደች ወዲህ ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሳት፣ ደብተሯን የሚለብድላት፣ ሒሳብ ስትወድቅ አብሯት የሚናደድ እሱ ነበር። ደርግ ሲወድቅ እግሩን እየጎተተ ከሰሜን ግንባር መጥቶ በደሴ መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፈተ፤ እስኪሞት ድረስም የመኪናና የባጃጅ ጎማ ሲለጥፍ ኖረ። ሰፈሩ ጎማውን ያስለጥፈው ነበር እንጂ አያከብረውም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ለሽምግልና የእሱ እኩዮች ሁሉ ይጠራሉ፤ እሱን የሚጠራው የለም። ዘይኑ «ወንድሜን ጥሎ የሸሸ» ካለው በኋላ ልጆች እንኳን ከኋላው «ሸሽቶ! ሸሽቶ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። እሱ ዞር ብሎ አያያቸውም።

እውነቱን ለዓዲላ የነገራት ባለፈው ክረምት ነው። የዘይኑ ልጅ ሪሀና ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ያን ቀን በኳስ ጨዋታ ተጣልተው ሪሀና «አንቺም እንደ አያትሽ ፈሪ ነሽ!» ብላት ዓዲላ እያለቀሰች ወደ ጎሚስታው መጣች። አያቷ የተበሳውን ቦታ ለማግኘት የጎማውን ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ ነበር። አውጥቶ አስቀመጠው።

«ለውትድርና የተጠራው ዘይኑ ነበር» አላት። «ሊወስዱት ሲመጡ ጨፋ ወርዶ ማሽላ ውስጥ ተደበቀ። እነሱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ታናሹን ወሰዱት። እኔ ስር ተመደበ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ሳቂታ። ስናፈገፍግ ሆዱን ተመታ። ተሸክሜው ገበሬ ቤት አደረስኩት፤ እዚያው ሞተ። አጥቤ፣ የገበሬው ሚስት በሰጠችኝ ነጠላ ከፍኜ፣ ሰግጄበት ቀበርኩት።»

«ታዲያ ለምን ጥሎት መጣ ይላሉ?»

«ሳይሞት መልእክት ሰጠኝ። ‹ለዘይኑ አውፍ ብዬሃለሁ በልልኝ። ማሽላው ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ፤ አላጋለጥኩትም። እኔው ነኝ የሄድኩት› አለኝ። ይህን ይዤ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ዘይኑ ገና ሲያየኝ ምን እንደማውቅ ገባው መሰለኝ፣ አፌን ሳልከፍት ጮሆ ሰው ሰበሰበብኝ። ሌላ ጊዜም ሄጄ ከበር መለሰኝ።»

«ለሰው አትናገርም ነበር?»

«እናታቸው በሕይወት ነበረች። አንዱ ልጇ ሞቷል፤ የቀረውን ላዋርድባት?»

«ከሞተች በኋላስ?»

አያቷ ሳቀ። «ያኔማ ማን ይሰማኛል?» ከዚያ ሳቁን ትቶ «አማና ነው፣ ዓዲላ። እኔ ካላደረስኩት አንቺ ታደርሺዋለሽ» አላት። እሷም «እሺ አባባ» አለች። ይሞታል ብላ መች አሰበች!

አሁን ሞቷል፤ አማናው እሷ ላይ ወድቋል። ለዚያ ሰው፣ በጀናዛው ላይ ቆሞ ለዋሸው ሰው፣ ይቅርታ ተሸክማ ልትሄድለት ነው። ስታስበው ጥርሷን ታፋጫለች።

ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ደግሞ ብሶ ቁጭ አለ። ዳሱ ውስጥ የሚወራው ስለ ሟቹ መስሏት ጆሮዋን ብትጥል፣ ወሬው ሁሉ ዘይኑ ነው። የዘይኑ ትዕግሥት፣ የዘይኑ ኢማን፣ የዘይኑ ሆደ ሰፊነት! አያቷ በሞተበት ቀን እንኳን ቀኑን ተቀማ።

«በሰደቃው ቀን ዳሱ መሀል ቆሜ ነው የምናገረው» አለች ማታ ለሀዲጃ። «ሁሉንም፣ አንድ ሳላስቀር!»

«ዺሲ፣ ኢንተላ ኮ» አለች ሀዲጃ። ልቧ ሲከብዳት ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ተይው ልጄ። ረቢ ያውቃል።»

«ረቢማ ያውቃል! የማያውቀው ሰዉ ነው። አባባ ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ምን ተረፈው?»

ሀዲጃ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አያትሽ የሰጠሽ የሚደርስ ነገር ነው ወይስ የሚጮኽ?»

ጥያቄው ዓዲላን ይበልጥ አናደዳት።

በማግስቱ ሪሀና ምግብ ይዛ መጣች። የለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«አባቴ ትላንት…» አለች ትሪውን እያስቀመጠች። «ሰው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው። ወላሂ እኔ ራሴ አለቀስኩ። በቃ አሁን በእኛ ቤትና በእናንተ መሀል ምንም የለም አይደል?»

ዓዲላ አየቻት። ጥቂት ቃል ይበቃ ነበር፤ «አባትሽ ተደብቆ ነው የተረፈው» ብትላት ያ የፈካ ፊት እዚያው ይጠፋል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሪሀና ግን ምን አደረገች? የተነገራትን ነው ያመነችው።

«ሂጂ» አለቻት።

«ምን?»

«ሂጂልኝ አልኩሽ! አባትሽ የት ነው ያለው?»

«መጋዘን። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ዓዲላ ሻርፗን ተከናንባ ወጣች። የዘይኑ መጋዘን ከገበያው ጀርባ ነው። ከጨፋ የመጣ ማሾ በኩንታል ተደርድሮ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ዘይኑ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲያያት ፊቱን የሐዘን አደረገ።

«ነይ ልጄ፣ አላህ ያጥናሽ። ለነገው ሰደቃ የጎደለ ካለ ለሀዲጃ ንገሪያት፤ በእኔ ነው።»

«የጎደለ የለም» አለች ዓዲላ። ሻርፗን አጥብቃ ያዘች። «መልእክት ይዤ ነው። ከሙሐመድዘይን።»

የዘይኑ እጅ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ተሸካሚዎቹን «እስቲ አንዴ ውጡ» አላቸው። ወጡ።

«ምን አልሽ?»

ዓዲላ እንዳትሳሳት ቃሉን መንገድ ላይ ስትደጋግመው ነበር የመጣችው። «‹አውፍ ብዬሃለሁ በልልኝ። ማሽላው ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ፤ አላጋለጥኩትም። እኔው ነኝ የሄድኩት።› ይህን ብሎ ነው የሞተው። አባባ አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶበት ቀብሮታል። አማና ነበር። አደረስኩ።»

ዘይኑ ኩንታል ላይ ተቀመጠ፤ መቀመጥም አይባል፣ ወደቀበት።

«አይቶኛል?» አለ። «ስገባ አይቶኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ጀይሉ ለምን ያኔ አልነገረኝም?»

ዓዲላ ይህን ስትሰማ ፍርሃቷ ጥሏት ጠፋ። «መች አስነገሩት? ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሰው የሰበሰቡበት አንቱ አይደሉም? ሁለተኛ ሲመጣ በር የዘጉበት አንቱ አይደሉም? ልጆች በየመንገዱ ሲሰድቡት እየሰሙ ዝም ያሉትስ?»

«ሊያጋልጠኝ የመጣ መስሎኝ ነው። ወላሂ ፈራሁ። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ እንዴት ልመልሰው?» ዘይኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይነቃነቃል። «ዓዲላ፣ ልጄ፣ ጀይሉ የለም። በሱ ፈንታ አንቺ አውፍ በይኝ። አሁን በይኝ።»

ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ያስፈራል። ቃሉ አጭር ነው፤ ብላው ብትወጣ እሷም ታርፋለች፣ እሱም ያርፋል። አያቷ ቢሆን ይለው ነበር። ግን አያቷ «ሸሽቶ» እየተባለ ነው የሞተው፤ ነገ ሰደቃውን የሚበላው ሰው ሁሉ ያንኑ እያመነ ነው የሚበላው።

«እዚህ አይሆንም» አለች።

«ምን?»

«እዚህ ማሾ መሀል፣ በር ዘግተን አይሆንም። አንቱ ስሙን ባጠፉበት ሰው ሁሉ ፊት ነው። ዳሱ አልፈረሰም፤ ነገ ሰዉ ይመጣል።»

«ሪሀና ትሰማለች እኮ!»

«እኔ አልነግራትም» አለች ዓዲላ። «ለሷም ለማንም አልናገርም። ከአንቱ አፍ ነው መውጣት ያለበት።» ይህን ካለች በኋላ ነው ነገ ዳሱ መሀል እንደማትጮህ ያወቀችው። ወጣች።

በሰደቃው ቀን ሴቶቹ ከጓሮ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ የቁርኣን ቂርአት ሲያሰሙ አረፈዱ። ሪሀና ከዓዲላ ርቃ ብርጭቆ ታጥብ ነበር፤ አኩርፋለች። ዘይኑ ዘግይቶ መጣ። ከፊት ቦታ ቢለቁለትም እምቢ ብሎ መግቢያው ላይ ተቀመጠ። ዱዓው ተጀመረ፣ ዱዓው አለቀ። ዘይኑ ያው ነው። ምግብ ሊቀርብ ሆነ። ዓዲላ ሽንኩርቱን ትታ ወደ ዳሱ ታያለች፤ ንዴቱ እንደገና እየተነሳባት ነው።

«ሼሁ፣ አንዴ» አለ ዘይኑ። ተነሳ። ድምፁ የዚያን ቀኑ ድምፅ አልነበረም፤ ሰዉ ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

«ከትናንት ወዲያ እዚህ ግቢ የተናገርኩት ውሸት ነው። ለውትድርና የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ተደበቅኩ፤ ታናሼ በእኔ ፈንታ ሄደ። ጀይሉ ጥሎት አልመጣም፣ በወጉ ቀብሮት ነው የመጣው። እንዳይናገርብኝ ፈርቼ እኔ ነኝ ስሙን ያጠፋሁት። ሲሞት እንኳን አልተውኩትም።» ትንፋሽ አጠረው። «ቤተሰቦቹ አውፍ በሉኝ።»

ማሻአላህ ያለ አልነበረም። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጥለዋል፤ እነሱም እኮ በየቤታቸው ሲሉት የኖሩት ነው።

ሼሁ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሀዲጃ?»

የሀዲጃ እንባ ወረደ። «አውፍ ብያለሁ» አለች። «ጀይሉም ይል ነበር።»

«ልጅቷስ?»

ሁሉም ዓዲላን አያት። ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ቃል ይጸዳል ብለው ማሰባቸው ገረማት። «እኔ ገና ነኝ» አለች።

ከወንዶቹ አንዱ «ኧረ ልጄ፣ ይኼማ…» ብሎ ሲጀምር ሼሁ እጃቸውን አነሱ። «ተዋት። ሐቋ ነው» አሉ።

ምግቡ መቅረብ ጀመረ። በጓሮ በኩል ሪሀና የታጠበውን ብርጭቆ በሳፋ እንደያዘች ቆማ ቀርታ ነበር። ሴቶቹ እሷን እያዩ ይንሾካሾካሉ። የክፍላቸው ልጆች ከአጠገቧ ፈቀቅ ብለዋል፤ አንዷ አፏን በእጇ ሸፍና ለሌላዋ «ተደብቆ…» ስትል ተሰማ።

ዓዲላ ያንን ፈቀቅ ማለት ታውቀዋለች። አያቷን እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ከተቀመጠችበት ተነስታ ሄዳ ሳፋውን ከሪሀና እጅ ተቀበለቻት፤ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ዱካው ላይ ተቀመጠችና ቦታ ልትለቅላት ጠጋ አለች።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለቻት። «ለማታው ገና ብዙ የሚላጥ አለ።»

ሪሀና ቆማ አየቻት፤ ከዚያ መጥታ ተቀመጠች። ዓዲላ ያንሾካሾከችውን ልጅ ዓይኗን እስክትሰብር ድረስ አፈጠጠችባትና ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለች።